ፍሬሽማን ላይ ጂፒኤ ሲወርድ፦ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል ወይ?



የሰሚስተር ውጤት በወጣ ቁጥር ከአዳዲስ ተማሪዎቻችን አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። «ፍሬሽማን ላይ 2.5 አመጣሁ። ኬሚስትሪ ሲ፣ ካልኩለስ ሲ ማይነስ ነው። የሕክምናው ነገር አበቃ ማለት ነው?» ጥያቄው የውጤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከኋላው ሁለት ሺፍት የሚሠራ አባት አለ። ለአገር ቤት ዘመድ በስልክ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ያለች እናት አለች። ስለዚህ «አይዞህ፣ አይዞሽ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። መልሱ በቁጥርና በአሠራር መደገፍ አለበት።

አጭሩ መልስ፦ አላበቃም። ነገር ግን ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሞክረው መውጫ የባሰ ያሰምጣል። ውጤት የወረደበት ተማሪ ቶሎ ለመካስ ብሎ በሚቀጥለው ሰሚስተር 18 ክሬዲት ይመዘገባል፤ ሥራውንም፣ ክበቡንም፣ በጎ ፈቃዱንም አይቀንስም። የሚያዋጣው ግን ተቃራኒው ነው፦ ጥቂት ኮርስ፣ ከፍ ያለ ውጤት፣ ዘግየት ያለ ማመልከቻ። ለምን እንደዚህ እንደምንል ከታች እንዘርዝር።

ማመልከቻው ምን ያሳያል?

በአሜሪካ አብዛኞቹ የኤምዲ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት «አምካስ» በሚባለው የጋራ መንገድ ነው። የሚያስተዳድረውም የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ነው። የኦስቲዮፓቲክ ማለትም የዲኦ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው «አኮማስ» አላቸው። ስለ አምካስ አራት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ አሜሪካ ውስጥ የወሰድነው የኮሌጅ ኮርስ በሙሉ ይቆጠራል። ሃይስኩል እያለን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የወሰድነውም፣ ዩኒቨርሲቲ ቀይረን የተውነውም ይገባል። ዩኒቨርሲቲያችን ከትራንስክሪፕት ላይ ቢያወጣው እንኳ ከአምካስ አይወጣም። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀምረው የመጡ ወንድሞችና እህቶች ግን የዚያ ውጤታቸው በአምካስ ጂፒኤ ስሌት ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ኮርስ መድገም የቀደመውን ውጤት አይሰርዝም። ዲ አምጥታችሁ ስትደግሙ ኤ ብታመጡ ሁለቱም በስሌቱ ውስጥ ይገባሉ። የዲኦ ትምህርት ቤቶች ቀድሞ አዲሱን ውጤት ብቻ ይቆጥሩ ነበር፤ ይህ አሠራር በ2017 ቀርቷል። «ድገመው፣ ይጠፋል» የሚለው የቆየ ምክር ዛሬ አይሠራም።

ሦስተኛ፣ ከጠቅላላው ጂፒኤ ሌላ የሳይንስ ጂፒኤ ለብቻው ይሰላል። በውስጡ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ አሉ። ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ኤምካት ላይ ቢመጡም እዚህ ውስጥ አይገቡም። ጠቅላላውን በቀላል ኮርሶች ከፍ ማድረግ የሳይንሱን ቁጥር አያነሳውም።

አራተኛው የምሥራች ነው። ማመልከቻው ጂፒኤውን በየዓመቱ ለያይቶ ያሳያል፦ ፍሬሽማን፣ ሶፎሞር፣ ጁኒየር፣ ሲኒየር፣ ከምርቃት በኋላ የተወሰደ፣ ከዚያም ድምሩ። ስለዚህ አንባቢው ድምሩን ብቻ ሳይሆን አካሄዱንም ያያል። 2.5፣ 3.6፣ 3.8፣ 3.9 የሚል መስመር እና በየዓመቱ 3.4 የሚል መስመር ድምራቸው ተቀራራቢ ነው። የመጀመሪያው ግን «ይህ ተማሪ ወድቆ ተነሳ፤ ከባዱንም ኮርስ ተሸከመ» ብሎ ይናገራል።

ስሌቱን በወረቀት እንየው

በመጀመሪያው ዓመት 30 ክሬዲት ወስዶ 2.5 ያመጣ ተማሪ እንውሰድ። ያለው ነጥብ 75 ነው።

በሚቀጥለው ሰሚስተር ለመካስ ብሎ 18 ክሬዲት ቢመዘገብና 3.0 ቢያመጣ 54 ነጥብ ይጨምራል። ድምሩ 129 ነጥብ በ48 ክሬዲት፣ ማለትም 2.69 ይሆናል። በዚያው ሰሚስተር 13 ክሬዲት ብቻ ወስዶ 3.8 ቢያመጣ ደግሞ የሚጨምረው 49.4 ነጥብ ነው። ድምሩ 124.4 በ43 ክሬዲት፣ ማለትም 2.89 ይመጣል። ጥቂት የወሰደው ቀደመ። ከዚህም በላይ፣ የእርሱ ሰሚስተር በሠንጠረዡ ላይ 3.8 ተብሎ ይታያል።

አሁን ረዘም አድርገን እንየው። ከዚያ በኋላ ባለው በየዓመቱ የበጋ ኮርስ ተጨምሮበት 30 ክሬዲት ቢወስድ፣ በሁለተኛው ዓመት 3.7፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 3.8 ቢያመጣ፣ ድምሩ እንዲህ ይወጣል፦ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 3.10፣ በሦስተኛው መጨረሻ 3.33፣ በአራተኛው መጨረሻ 3.45።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው፣ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ሠርቷል። ይኸው ተማሪ በቀሩት ሦስት ዓመታት ሁሉንም ኤ ቢያመጣ እንኳ ከ3.625 አያልፍም። ይህን አውቆ መቀበል ጭንቀትን ይቀንሳል፤ 4.0ን ማሳደድ ቀርቶ አካሄድን ወደ መገንባት ይገባል። ሁለተኛው፣ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻና በአራተኛው መጨረሻ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ይህ ልዩነት የማመልከቻ ጊዜን ይወስናል፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ለማነጻጸር ያህል፣ በቅርብ ዓመታት ኤምዲ ትምህርት ቤት የገቡ ተማሪዎች አማካይ ጂፒኤ ወደ 3.8 የተጠጋ፣ አማካይ ኤምካታቸውም 511 ወይም 512 አካባቢ ነው። በአንድ ዙር ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያመለክታል፤ የሚገባው ወደ 23 ሺህ ነው። አማካይ ማለት ግን መግቢያ በር ማለት አይደለም፤ ከእርሱ በታች ሆነው የገቡ ብዙ ናቸው። ማኅበሩ በየዓመቱ በነጻ የሚያወጣውን የጂፒኤና የኤምካት ሠንጠረዥ ብታዩ በ3.3ና በ3.4 የገቡ ሰዎች ታገኛላችሁ። ቁጥራቸው ግን ኤምካታቸው ከፍ ባለ መጠን ይጨምራል።

ከመመዝገብ በፊት ምክንያቱን መለየት

ራስ የሚያመውና ሆድ የሚያመው ሰው አንድ ዓይነት መድኃኒት አይሰጣቸውም። የወረደ ጂፒኤም እንደዚሁ ነው። ሦስት ምክንያቶችን ደጋግመን እናያለን።

የመጀመሪያው የጥናት ዘዴ ነው። ሃይስኩል በማንበብ ብቻ ኤ ይመጣ ነበር። የኮሌጅ ኬሚስትሪ ፈተና ግን ያልታየ ጥያቄ ያቀርባል፤ ፎርሙላ መያዝ አይበቃም። የዚህ ምልክቱ «ሳነበው ገብቶኝ ነበር፣ ፈተናው ላይ ጠፋኝ» የሚለው አነጋገር ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። በሳምንት 25 ወይም 30 ሰዓት የሚሠራ፣ ቤት ሆኖ የሚመላለስ፣ ለወላጆቹ በየቀጠሮው የሚያስተረጉም፣ ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ተማሪ ጉድለቱ የአእምሮ አይደለም፤ የሰዓት ነው። ለእርሱ አዲስ የጥናት መተግበሪያ መግዛት ምንም አይፈይድለትም።

ሦስተኛው ጤና ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት፣ ሐዘን፣ ሳይታወቅ የቆየ የትኩረት ችግር። በእኛ መካከል ይህ ብዙ ጊዜ «ሰብር አድርግ» ተብሎ ይታለፋል። ሰብር ሕክምናን አይከለክልም። የካምፓሱ የምክር አገልግሎት በአብዛኛው ለተማሪ ነጻ ነው፤ የሚነገረውም ሚስጥር ይጠበቃል። የተረጋገጠ የጤና እክል ያለበት ተማሪ በአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ በኩል ተጨማሪ የፈተና ሰዓት መጠየቅ ይችላል። ይህ መብት ነው፤ በሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ ላይም አይጻፍም።

አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ያለፉትን ፈተናዎች በሙሉ ዘርዝሩ። ከየፈተናው አጠገብ «አላወቅሁትም»፣ «አውቀው ነበር ግን መሥራት አቃተኝ»፣ «ጊዜ አጥቼ አልተዘጋጀሁም»፣ «ታምሜ ወይም ተጨንቄ ነበር» ከሚሉት አንዱን ጻፉ። በብዛት የተደጋገመው ምክንያታችሁ ነው።

ከቂርአት ቤት የምናውቀው ዘዴ

ለጥናት ዘዴ ችግር መልሱን ብዙዎቻችን በልጅነታችን ተምረነዋል። ቂርአት ቤት የገባ ልጅ ሱራውን መቶ ጊዜ እያየ ስላነበበ «ይዘኸዋል» አይባልም። ሙስሐፉን ዘግቶ ኡስታዙ ፊት ያሰማል። ሲሳሳት ይታረማል፤ የተሳሳተባትን ደግሞ ነገ ይመለስባታል። አዲስ ትምህርት ሲጨመርም የድሮው በሙራጀዓ ይጠበቃል፤ ካልተከለሰ እንደሚያመልጥ ሁሉም ያውቃል።

የመማር ሳይንስም የሚለው ይህንኑ ነው። ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ዘግቶ ማስታወስ፣ በአንድ ሌሊት ከመጨናነቅ ይልቅ በቀናት አከፋፍሎ መከለስ እውቀትን ያቆያል። ለኬሚስትሪ ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል፦ ከሌክቸር በኋላ በዚያው ቀን ደብተር ዘግታችሁ የታወሳችሁን በባዶ ወረቀት ጻፉ። መልሱን ሳታዩ ጥያቄ ሥሩ፤ የሳታችሁትን ለብቻ መዝግቡ። ከሦስት ቀን በኋላ የሳታችሁትን ብቻ እንደገና ሥሩ፤ ከሳምንት በኋላም እንዲሁ። ከፈተናው በፊት ያለፈ ዓመት ጥያቄ ካለ ሰዓት ይዛችሁ ተፈተኑበት።

ኡስታዙ ፊት እንደ ማሰማት ያለው ደግሞ ኦፊስ አወር ነው። ብዙዎቻችን ለመምህር ካለን አክብሮትና ሐያእ የተነሳ አንሄድም፤ ወይም «ምንም አልገባኝም» ለማለት እናፍራለን። ይልቁንስ የሞከራችሁትን ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱና «እስከዚህ ድረስ ደረስኩ፣ እዚህ ጋ ቆምኩ» በሉ። መምህሩ ስማችሁን ያውቃል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁም እርሱ ሊሆን ይችላል። ከሲ ወደ ኤ ሲነሳ ያየ መምህር የሚጽፈው ደብዳቤ ከሌላው የተለየ ይሆናል።

የሚቀጥለው ሰሚስተር ዕቅድ

የክሬዲት ብዛት። ለመጀመሪያው የማገገሚያ ሰሚስተር 12 ወይም 13 ክሬዲት፣ በውስጡም ሁለት የሳይንስ ኮርስ በቂ ነው። ከ12 በታች መውረድ የፌደራል የትምህርት ድጋፍን ሊቀንስ ይችላል፤ በኤፍ ዋን ቪዛ ያሉ ተማሪዎችን ደግሞ ቪዛቸውን ያሰጋል። አንድ ሰሚስተር ጥሩ ከሄደ በኋላ ክሬዲቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ትምህርት ቤቶቹ በመጨረሻ ከባድ ጭነት የሚሸከም ተማሪ ማየት ይፈልጋሉና።

መድገም። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለግዴታ ኮርሶች ቢያንስ ሲ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሲ ማይነስ፣ ዲ እና ኤፍ መደገም አለባቸው። ሲ ግን በአብዛኛው መደገም አያስፈልገውም፤ በዚያ ጊዜና ገንዘብ ከፍ ያለ ኮርስ ወስዶ ኤ ማምጣት ይሻላል። በጀነራል ኬሚስትሪ ሲ ያመጣ ሰው በባዮኬሚስትሪና በፊዚዮሎጂ ኤ ሲያመጣ ለሲው መልስ ሰጥቶበታል። ልዩነቱ መሠረቱ ካልተያዘ ነው። ጀነራል ኬሚስትሪ በእርግጥ ካልገባችሁ ኦርጋኒክ ከመጀመራችሁ በፊት በበጋው ከልሱት። ያለፋችሁትን ኮርስ ስትደግሙ የፌደራል ድጋፍ የሚሸፍነው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑንም አስታውሱ።

ደብሊው። ኮርስ ማቋረጥ በጂፒኤ ስሌት አይገባም። አንድ ወይም ሁለት ደብሊው ማንንም አልጣለም፤ በየሰሚስተሩ ሲደጋገም ግን ጥያቄ ያስነሳል። በተጨማሪም አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ድጋፍ ለመስጠት ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት 67 በመቶ ያህሉን መጨረስ ይጠይቃሉ፤ ደብሊው ካልተጨረሰው ጎን ይቆጠራል። የማቋረጫውን የመጨረሻ ቀን በሰሚስተሩ መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ጻፉ።

ሥራ። ከተቻለ በሳምንት ወደ 10 ወይም 12 ሰዓት አውርዱ። ካልተቻለ ሰዓቱን ሳይሆን ዓይነቱን ለውጡ፤ በካምፓስ ውስጥ ያለ የቤተ መጻሕፍት ወይም የፊት ዴስክ ሥራ መንገድ ያስቀራል። በክሊኒክ አስተርጓሚነት መሥራትም አማርኛችንን፣ ኦሮምኛችንን ወይም ዐረብኛችንን ወደ ክሊኒክ ልምድ ይለውጠዋል።

ጁሙዓና ረመዷን። ምዝገባ ሲከፈት መጀመሪያ የምታዩት የዓርብ ከሰዓት ላብ ይሁን። ከጁሙዓ ጋር የሚጋጭ ላብ ይዞ በየሳምንቱ መጨነቅ ሳያስፈልግ ሌላ ሴክሽን መያዝ ይቻላል። ረመዷን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ቀድሞ ይመጣል፤ በ2025 በማርች መጀመሪያ የጀመረው በ2027 በፌብሩዋሪ ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ ይጀምራል። ይህ የስፕሪንግ ሰሚስተር የመጀመሪያ ፈተናዎች የሚበዙበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ለስፕሪንግ ከባዶቹን ሦስት ሳይንሶች በአንድ ላይ አትደራርቡ። በረመዷን ከሱሑር በኋላ ያለው ሰዓት ለጥያቄ መሥሪያ፣ ከዐስር በኋላ ያለው ለቀላል ክለሳ ይሁን። ዒድ ከፈተና ጋር ከተጋጨ ለመምህሩ በሰሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት በኢሜይል አሳውቁ እንጂ ዋዜማው ላይ አትንገሩት።

የማኅበራችን ሥራም በዚህ ውስጥ ይገባል። በማገገሚያ ሰሚስተር ላይ ያለ ወንድም ወይም እህት የኢፍጧር ኮሚቴ መሪ መሆን የለበትም። ኑ፣ ስገዱ፣ ብሉ፣ አጥኑ፤ ኃላፊነቱን በሚቀጥለው ዓመት ትወስዳላችሁ።

መቼ እናመልክት?

ማመልከቻ በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን መጀመሪያ ይገባል፤ ትምህርት የሚጀመረው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሳያቋርጥ መግባት የሚፈልግ ተማሪ በጁኒየር ዓመት መጨረሻ ያመለክታል። ከላይ ባየነው ምሳሌ ያን ጊዜ በእጁ ያለው 3.33 ነው። አንድ ዓመት ቢጠብቅ 3.45 ይዞ፣ ሙሉ ሦስት የጠነከሩ ዓመታት እያሳየ ያመለክታል። ዛሬ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ከሚገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዓመት የዘገዩ ናቸው። ስለዚህ መዘግየት ነውር አይደለም፤ የተለመደ ነው።

ኤምካትም እንደዚሁ ነው። ነጥቡ ከ472 እስከ 528 ነው፤ መካከለኛው 500። ጂፒኤው ለወረደበት ተማሪ ይህ ፈተና «የመጀመሪያው ዓመት የአቅሜ ልክ አይደለም» ለማለት ከሁሉ የበለጠ ዕድል ነው። ሳይዘጋጁ «ልሞክረው» ብሎ መቀመጥ ግን አይገባም። በዓመት ሦስት፣ በሁለት ዓመት አራት፣ በዕድሜ ልክ ሰባት ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል፤ ትምህርት ቤቶችም ያለፉትን ነጥቦች ያያሉ። በልምምድ ፈተናዎች ላይ የምትፈልጉትን ነጥብ ደጋግማችሁ ሳታመጡ አትቀመጡ።

የቤተሰብ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የክፍያ ድጋፍ ፕሮግራም አለው። የኤምካትን ክፍያ በብዙ ይቀንሳል፤ የአምካስን ክፍያ ለተወሰኑ ትምህርት ቤቶች ይሸፍናል። ድጋፉ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ ለፈተናው ከመመዝገባችሁ በፊት መፈቀድ አለበት።

በማመልከቻው ላይ ስለ መጀመሪያው ዓመት ስትጽፉ አጭር ሁኑ፦ የሆነው፣ የለወጣችሁት፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ውጤት። ቤተሰብ ስትረዱ ከነበረ፣ አምካስ በሕይወት ላይ ተጽዕኖ ስላሳደሩ ሁኔታዎች የምትጽፉበት ለብቻው ቦታ አለው። ዋናውን ጽሑፍ ግን በሲ ማይነስ ታሪክ አትሙሉት።

ከምርቃት በኋላ ያለው መንገድ

ሲኒየር ዓመት ተጠናቆም ቁጥሩ ካልበቃ ሁለት ዓይነት ፕሮግራም አለ፤ ልዩነታቸውን አለማወቅ ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል። ፖስትባክ የሚባለው ከምርቃት በኋላ የሚወሰድ የአንደርግራጁዌት ደረጃ ኮርስ ነው፤ ውጤቱ ወደ አንደርግራጁዌት ጂፒኤ ይደመራል። ልዩ የማስተርስ ፕሮግራም ደግሞ የድኅረ ምረቃ ነው፤ ውጤቱ ለብቻው ይታያል፣ የቆየውን ጂፒኤ አያነሳም። ሁለተኛው የሕክምና ተማሪዎችን ጭነት መሸከም እንደምትችሉ ያሳያል፤ ካልተሳካ ግን ከበፊቱ የባሰ ማስረጃ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጂፒኤያችሁ ከ3.0 በታች ወይም በዚያ አካባቢ ከሆነ መጀመሪያ ፖስትባኩን አስቡ።

ስማቸው የታወቁ ፕሮግራሞች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃሉ፤ ብዙዎች የሚከፍሉት በወለድ ብድር ነው። የሪባ ጉዳይ ለብዙዎቻችን ከባድ ስለሆነ፣ ሑክሙን ከምታምኗቸው ዑለማዎች ጠይቁ፤ እኛ ፈትዋ አንሰጥም። ነገር ግን ሳትበደሩ የሚሄድበት መንገድ እንዳለ እወቁ፦ በስቴታችሁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ እየሠራችሁ በየሰሚስተሩ ሁለት የሳይንስ ኮርስ መውሰድ። ስም ያለው ፕሮግራም ባይሆንም ለአምካስ ኤው ያው ኤ ነው።

የዲኦ መንገድም አለ። የዲኦ ሐኪም በ50ዎቹም ስቴቶች ሙሉ የሕክምና ፈቃድ አለው፤ ከ2020 ጀምሮም የሬዚደንሲ ሥልጠናው ከኤምዲ ጋር በአንድ ሥርዓት ሥር ነው። የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ጂፒኤና ኤምካት ከኤምዲው ትንሽ ዝቅ ይላል። በማኅበረሰባችን ስሙ ብዙም ስለማይታወቅ ለወላጆች አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል።

ከወላጆች ጋር፣ ከራስ ጋር

የወረደ ውጤት የደበቀ ተማሪ ሁለት ሸክም ይሸከማል፦ ኮርሱንና ምስጢሩን። እማማና አባባ ትራንስክሪፕት ማንበብ ላይችሉ ይችላሉ፤ የልጃቸውን ፊት ግን ያነባሉ። ስትነግሯቸው ዕቅድ ይዛችሁ ቅረቡ፦ «የመጀመሪያው ዓመት ከበደኝ። በዚህ ሰሚስተር ኮርስ ቀንሻለሁ፤ ሥራም እቀንሳለሁ። አንድ ዓመት ሊዘገይ ይችላል። እናንተም በዱዓችሁ አትርሱኝ።» አንድ ዓመት መዘግየት ምን እንደሆነ ቀድመው ካወቁ፣ ዘመድ ሲጠይቃቸው እነርሱ ራሳቸው ይመልሱላችኋል።

ከራሳችን ጋርም እውነት መነጋገር አለብን። ጭነቱ ተቀንሶ፣ ዘዴው ተለውጦ፣ እርዳታ ተጠይቆ፣ ሁለት ተከታታይ ሰሚስተር ውጤቱ ካልተነሳ ሌላ በር ማየት ሽንፈት አይደለም። ነርሲንግ፣ ፊዚሽያን አሲስታንት፣ ፋርማሲ፣ የሕዝብ ጤና ሰውን የሚያክሙና የሚጠብቁ ሙያዎች ናቸው። ኒያችሁ የታመመን ሰው ማገልገል ከነበረ፣ ኒያው አልተነካም። ነገር ግን ይህን የምንወስነው ከተሟላ ሙከራ በኋላ፣ ከአማካሪ ጋር ተመካክረን፣ ኢስቲኻራም ሰግደን ነው። በአንድ መጥፎ ፋይናል ማግሥት፣ ሌሊት ላይ፣ ብቻችንን ሆነን አይወሰንም።

ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው። በዚህ ሳምንት ልታደርሱት የምትችሉት ሰበብ ይህ ነው፦ ትራንስክሪፕታችሁን አውጥታችሁ ጠቅላላውንና የሳይንሱን ጂፒኤ በእጃችሁ አስሉ፤ የወደቃችሁበትን ምክንያት ከላይ ባልነው መንገድ ለዩ፤ ከፕሪሜድ አማካሪው ጋር ቀጠሮ ያዙ፤ የሚቀጥለውን ሰሚስተር ከ13 ክሬዲት ሳይበልጥ በወረቀት ንደፉ። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ከጁሙዓ በኋላ ወደ እኛ ኑ። ከእናንተ በፊት በዚያው ኬሚስትሪ ያለፉ ወንድሞችና እህቶች አብረዋችሁ ይቀመጣሉ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት፣ የተቃና ኒያና ጽናት ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ